ጽጌረዳውና አንጮቴው

«በዚህ በነቀምቴ ጽጌረዳ ከግንብ ላይ ማሰር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ!» አለች ማዘንጊያ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆና።

ግቢው ውስጥ የሚሰሟት ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። እሷ ግን የተናገረችው ለዶሮ አይደለም። ድምጿን ከፍ ያደረገችው ከግንቡ ማዶ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሂሳብ የምታጠናው ደራርቱ እንድትሰማት ነው።

ደራርቱ ቀና እንኳ አላለችም። «ስትወድቂም እንዲሁ ጮኸሽ ንገሪን» አለች።

ሁለቱ አይዋደዱም። ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ደራርቱ ሁሌም አንደኛ፣ ማዘንጊያ ሁሌም ሁለተኛ ናት፤ ይኼ ብቻውን ይበቃ ነበር። እናቶቻቸው ደግሞ ይብሳሉ። የማዘንጊያ እናት ወይዘሮ በዛብሽ፣ ባላቸው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሲሾሙ ከሸዋ ተከትለዋቸው የመጡ ናቸው። የደራርቱን እናት አዮ ሎሚን የተጣሏቸው በዚሁ ግንብ ነው። በክረምቱ ዝናብ ግማሹ ሲናድ «እናንተ ሥሩት፣ እናንተ ሥሩት» ሲባባሉ ከርመው፣ በመጨረሻ ሁሉም በየበኩሉ ያለውን ፊት ብቻ ጠገነ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ያው ዝናብ የወይዘሮ በዛብሽንም ጽጌረዳ ከግንቡ ላይ አውርዶ ጭቃ ላይ ዘርሮት ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የባላምባራስ ሀብተጊዮርጊስ ባለቤት ለጥየቃ ይመጣሉ። «ዛሬ ተነሥቶ ካልቆመ ወዮልሽ!» ተብላለች ማዘንጊያ።

እውነት ለመናገር ሥራውን ታውቅበታለች። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውስጥ የወይራ ችካል ትሰካለች፤ የችካሉ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት፣ አለዚያ ሐረጉ ሲከብደው ሾልኮ ይወጣል። የኮባ ልጥ ውሃ ውስጥ ነክራ ታለሰልስና ችካሉ ላይ ጠበቅ፣ ግንዱ ላይ ላላ አድርጋ ታስራለች። በግንዱና በልጡ መካከል ትንሿ ጣት መግባት አለባት። ታንቆ የሚያብብ ጽጌረዳ የለም።

ችግሩ ሌላ ነበር። ከማዶ ግንቡን ተሻግሮ የመጣ አንድ ሐረግ ጽጌረዳውን እንደ ናፈቀ ዘመድ አቅፎ ይዞታል። ክር የመሰሉ ጠምዛዛ ጅማቶቹን በየእሾኩ ላይ ጠምጥሟል። ፀሐይዋ የምትመታው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ሥሩ ማዶ ሆኖ ሳለ ቅጠሉም ፍሬውም የተንጠለጠለው እነማዘንጊያ ግቢ ነው። እንቁላል የሚያካክል ፍሬ፤ የሚበዛው አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቀይ።

አንድ በአንድ ቢፈቱት ይለቅ ነበር። ማዘንጊያ ሦስቱን ፈታች። አራተኛው ላይ እሾህ አውራ ጣቷን ወጋት።

«አንተ አረም!» አለችው።

ወደ ማዶ አየች። ደራርቱ እንስራዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ማዘንጊያ ወጥ ቤት ገብታ ቢላዋ አመጣች። ቢላዋው ዶልዱም ስለነበር ሐረጉን ከቆረጠው ይልቅ አኘከው ቢባል ይሻላል። ቢሆንም ግንቡ ጫፍ ላይ ሁሉንም በጣጠሰችው፤ ጎትታ አወረደችው፤ ሸክም ሙሉ ሆነ። ወስዳ የጥራጊ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችና ሣር አለበሰችው። ከዚያ በኋላ ማሰሩ ቀለላት። ጽጌረዳው ግንቡ ላይ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ቆመ።

የመጨረሻውን ልጥ ስትቋጥር ከማዶ ጩኸት ሰማች።

«ያ ዋቃ! ማነው የፈጀኝ?»

አዮ ሎሚ ከገበያ ተመልሰዋል። እንጨት ክምራቸው ላይ ወጥተው አንገታቸው በግንቡ አናት ብቅ አለ፤ ቅርጫታቸው ገና ከጀርባቸው አልወረደም።

«አንቺ ኢንታላ! ማነው የቆረጠው?»

«ምኑን?»

«አንጮቴዬን! የዘሩን እናት! አምስት ዓመት ሳልቆፍር ያቆየኋትን!»

ማዘንጊያ አንጮቴ ታውቃለች። ያውም እንዴት! በመስቀል ተቀቅሎ፣ ተደቁሶ፣ ቅቤ ጠጥቶ ሲቀርብ የሚቀድማት የለም። ግን ሁሌም የምታየው ከገበያ በቅርጫት ሲመጣ ነው። ከበላዩ ቅጠል እንዳለው፣ ግንብ እንደሚወጣ ማን ነግሯት? ለእሷ አንጮቴ እንደ ድንች መሬት ለመሬት የሚኖር ጨዋ ነገር ነበር።

አፏ ግን ቀደማት። «ፍየላችሁ ናት! እዚያ እንጨቱ ላይ ወጥታ ስትግጥ አይቻታለሁ።»

አዮ ሎሚ የተረፈውን ጫፍ ይዘው አገላበጡት። ዶልዱም ቢላዋ የነካው ጫፍ በእርግጥም የተነጨ ይመስላል። ከክምሩ ወረዱ።

«ደራርቱ!»

ደራርቱ እንስራዋን እንዳዘለች ገባች። እናትና ልጅ በኦሮምኛ ነው የተነጋገሩት፤ ማዘንጊያ ደግሞ አንዲት ቃል አታመልጣትም።

«ፍየሏን እሰሪያት አላልኩሽም?»

«አስሬያታለሁ አዮ! ይኸው ታስራ!»

«አሁንማ ጠግባ ተመልሳለች! አንቺ መጽሐፍ ላይ ከተደፋሽ ቤቱ ቢፈርስ መች ትሰሚያለሽ? ጉቴ ላለችው እህቴ ምን ልሰጣት ነው? እኛስ ምን ልንዘራ ነው? በቃ! ከነገ ጀምሮ ፍየሏን ይዘሽ ሜዳ ትወርጃለሽ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም።»

«ነገ እኮ ፈተና ነው!»

«ፍየሏ ትፈተን!»

ማዘንጊያ መሰላሉን ይዛ ቆመች። የሂሳብ አስተማሪያቸው ጋሼ ጆቴ፣ የቀረ ዜሮ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። አባት ቢቀበር እንኳ ዜሮ። ስለዚህ ነገ ደራርቱ ዜሮ፣ አንደኛዋ ደግሞ…

ወይዘሮ በዛብሽ ወጥተው ግንቡን አዩት። «እንዴት አማረ! ያንን የእነሱን ጥምጥም ምን አደረግሽው?»

«ፍየላቸው በላችው።»

«እሰይ! ጥርሷ ይባረክ!»

ማዘንጊያ ደብተሯን ይዛ ጥላው ሥር ተቀመጠች። ክፍልፋይ። ሦስት ሰባተኛ ሲደመር ምናምን። አንዱን ጀምራ ተወችው። ሌላውን ጀምራ ተወችው። ሌላ ቀን ደራርቱ ስታጠና ጮክ ብላ ነው፤ ድምፅዋ ግንቡን አልፎ መጥቶ ያናድዳታል። ዛሬ ማዶ ጭጭ ነው። ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ አሁንም ጭጭ። ደብተሯን ዘጋችው።

ጉድጓዱ ዘንድ ሄዳ ሣሩን ገለጠች። ሐረጉ ጠውልጓል። ፍሬውን እየለቀመች ቀሚሷ እቅፍ ውስጥ ጨመረችና ወደ በሩ አመራች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናቷ።

«ማዶ።»

«እነሱ ቤት? እግርሽን ነው የምሰብረው!»

«ከቅዳሜ በኋላ ይሁን እማዬ፤ እንግዳ ፊት እያነከስኩ አላሳፍርዎትም።»

አዮ ሎሚ ግንቡ ሥር ተቀምጠው የአንጮቴውን ግንድ ሲነካኩ አገኘቻቸው። ፍሬውን ፊታቸው ዘረገፈችው።

«ፍየሏ አይደለችም አዮ። እኔ ነኝ። በቢላዋ። አረም መስሎኝ።»

«አረም?»

«አንጮቴ ሐረግ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«እዚህ አገር ስንት ዓመትሽ ነው?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«ታዲያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምን እየበላሁ ነው ብለሽ ነው?» አሉና ፍሬውን ይለዩ ጀመር። አረንጓዴውን እያነሡ ወደ ኋላቸው ወረወሩት። «ይኼ ጥሬ ነው። ይኼም ጥሬ። ገድለሽዋል። ይኼ ለዘር ይሆናል። ይኼም።» ከእቅፍ ሙሉ ፍሬ ዘጠኝ ቀይ ተረፈ። «ሥሩ አልሞተም፤ ለከርሞ ያቆጠቁጣል። ከእንግዲህ ግን እጅሽ ከዚህ ግንብ በላይ ብቅ ሲል ባየው፣ በራስሽ ልጥ ነው የማስርሽ!»

«ደራርቱ ነገ ትሂድ እንግዲህ» አለች ማዘንጊያ፣ ድምፅዋ አንሶ።

አዮ ሎሚ ወደ ቤቱ ዞረው «ደራርቱ! ደብተርሽን አንሺ!» አሉ።

ማዘንጊያ መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ደራርቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ደብተሯን ትገልጣለች።

«ማንም ሳያስገድደኝ ነው የመጣሁት እኮ» አለች ማዘንጊያ። «ዝም ብል ነገ አንደኛ እኔ ነበርኩ። ታውቂያለሽ አይደል?»

ደራርቱ እርሳሷን አነሣች።

«እናቴም ትገርፈኛለች።»

ደራርቱ እርሳሷን በጥርሷ ነክሳ አንድ ገጽ ገለበጠች።

«ከበሩ ላይ ዞር በይ፤ ብርሃኑን ከለልሽብኝ» አለች።