አንዴ ብቻ ያየው ዘበኛ

የመካኒኩን ሬሳ ከማሽኑ ሥር ሲያወጡ እህቱ ከጎን ቆማ ታይ ነበር። ብረት የሚጨፈልቀውን የማሽኑን ክንድ የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። የመከለያው በር ሲከፈት ክንዱ መቆም ነበረበት፤ አልቆመም።

እናታቸው በማግስቱ «ያስተማረሽን ወንድምሽን በገዛ እጅሽ?» አለቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህትየው እስር ቤት ቢያስገቧት ግድ አልነበራትም። ያ ፊት ካልተመለሰላት ግን መኖር ምን ሊረባት?

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ መጀመሪያ የጠየቀችው እህትየውን ነው።

«በሩን የሚያየውን ትእዛዝ ረስተሽዋል ይላሉ።»

«አልረሳሁም። ይኸው፤ ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በሩን እይ፣ ክፍት ከሆነ ቁም ይላል። ስንሞክረው ቆሟል።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ከጻፈችው አንድ ፊደል አልተነካም» ሲል ማለ። መርፌ አመነችው፤ ያመነችው ግን እሱ እንዳሰበው አልነበረም።

የማሽኑን ኦፕሬተር ክንዱ በአደጋው ዕለት እንደ ወትሮው ይሠራ እንደነበር ጠየቀችው።

«ኧረ የት። የዚያን ዕለት እኮ በረረ። አለቃም ሊገዙ ለመጡት እንግዶች ‹በእጥፍ አፈጠንኩት› እያሉ ያስጎበኙ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለና አቀረቀረ።

መርፌ ሰው ካራቀች በኋላ በሩን ከፍታ ማሽኑን አስነሳች። ክንዱ አልተነቃነቀም፤ በሩን ብትዘጋውም ቆሞ ቀረ። አጠፋችውና በሩን ዘግታ እንደገና አስነሳችው። አሁን ክንዱ መሥራት ጀመረ፤ በሩን ስትከፍተው ግን ዞር ብሎም ሳያይ ቀጠለ።

ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። እናትየው ከኋላ፣ ለልጇ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«ጽሑፉ ካልተነካ፣ ፍጥነቱ ከየት መጣ?» ብላ ጀመረች መርፌ። «ከኮምፓይለሩ ነው፤ ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚመልሰው ፕሮግራም። አፍጥን ሲሉት ትርፍ የመሰለውን ይቆርጣል። በሩን የሚከፍት ሰው እንዳለ በምን ያውቃል? በጽሑፉ ውስጥ በሩን የሚለውጥ ነገር አጣ፤ ስለዚህ ደጋግሞ ማየቱን ቆረጠው። ጠዋት በሩ ዝግ መሆኑን አይቶ እስከ ማታ ‹ዝግ ነው› እንደሚል ዘበኛ ማለት ነው። ‹ሁልጊዜ አዲስ እይ› የሚያሰኝ ምልክት አለ። እሷ አላስገባችውም፤ ሲሞከር ግን ኮምፓይለሩ አፍጥን ስላልተባለ ምንም አልጎደለም። በኋላ አፍጥን ብሎ በሩን ሳይሞክር ማሽኑ ላይ የጫነው ማነው? ‹አፈጠንኩት› ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን ነከሰ። «ገዢዎቹ ሊሄዱብን ነበር።»

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለች ወደ ኦፕሬተሩ ዞራ። «መካኒኩ ኤሌክትሪኩን ሳያጠፋ እጁን አስገብቶ አያውቅም ብለውኛል። ያን ዕለት ምን ነካው?»

ኦፕሬተሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አለቃ ‹ገዢ ፊት አታጥፋው፣ በሩን ብቻ ክፈት፤ ተሞክሯል› አሉት። እሱም ሳቀ። ‹የእህቴ ሥራ አይደል፣ ይቆማል› ብሎ በሩን ከፈተና ክንዱ ከፍ ሲል የቆመ መስሎት ገባ። ለእሷ መንገር አቅቶኝ ነው የደበቅኩት።»

ሥራ አስኪያጁን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ማንም ዞሮ አላየውም።

እናትየው ከወንበሯ ተነስታ ቀስ ብላ ዞረች። «ልጄ» አለች፤ «ነይ፣ ቀና በይ።»

እህትየው ስትናፍቀው የከረመችው ፊት ነበር። «ይቆማል» ብሎ የገባውን ወንድሟን እያሰበች ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።