ለመፈክር የመጣው አቡጀዲ

ሰው በሽታውን ሲደብቅ እንቆጣለን፤ ሴት ልጃችን የወር አበባዋን ስትደብቅ ግን «ጨዋ ናት» ብለን እናመሰግናታለን። ወይ ጨዋነት! በደርግ ጊዜ፣ ጎባ ላይ፣ በእኛ ቀበሌ የሆነውን ላውጋችሁ።

ሽቶ የኦቦ ለታ ልጅ ናት፤ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የምትዘጋጅ ጎበዝ ተማሪ። ነገር ግን በየወሩ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። «ከእንግዲህ ብትቀር ትሰናበታለች» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አባቷ ተቆጣ። «ትምህርት ከሰለቻት ትዳር አይጠፋም፤ የደሎ መናው ማር ነጋዴ ለልጁ ጠይቆኛል» አለ። ልጅቷ አለቀሰች። የወር አበባዋን ነገር ለአባት እንዴት ትንገር? እውነቱን ያወጣችው ለሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ለማናልበሽ ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ የምትይዘው አቡጀዲ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ቆይቷል፤ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃም በር የለውም።

እሁድ ቀበሌው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀይሉ ደስ ብሎት ተነሣ።

«አቡጀዲ መጥቶልናል! ሁሉም ለሜይ ዴይ መፈክር ይውላል። በትልቁ ላይ ‹የሴቶች ተሳትፎ ይጎልብት!› ብለን እንጽፋለን።»

ማናልበሽ ብድግ አለች። «ተሳትፏችን እንዲጎለብት ከሆነ ጨርቁን ለሴት ተማሪዎች ስጡልን! የወር አበባ ሲመጣባቸው የሚይዙት አጥተው ቤት እየዋሉ ነው።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፣ አንዳንዱ ሳቀ።

«ኧረ አዴ ማናልበሽ!» አለ ሀይሉ አፍሮ። «ይህ የጓዳ ጉዳይ ነው፤ ስብሰባ ላይ አይነሣም።»

«ልጅ ከትምህርት ካስቀረ የአደባባይ ጉዳይ ነው!»

ለታ ከኋላ ተነሣ። «ቆይ እስቲ፣ ማናልበሽ። የእኔዋ ኢንተላ፣ ልጄም የምትቀረው ለዚህ ነው እንዴ?»

ማናልበሽ የልጅቷን ምስጢር ላለማውጣት «እኔ የምናገረው ስለ ሁሉም ልጆች ነው» አለች። ለታ ግን ገባው።

«አበስኩ ገበርኩ! ሰነፍ ናት ብዬ ልድራት ነበር እኮ! ጓድ ሊቀመንበር፣ መፈክሩን በአሮጌ ጨርቅ ጻፉት። ለልጆቹ ይሰጥ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!» አለና ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ።

አባት ካወጣ ማን ይቀራል? ጉባኤው ወሰነ፦ ከሚመጣው አቡጀዲና ሳሙና ሁሉ ለሴት ተማሪዎች ድርሻ እንዲቀመጥ፣ ለመጸዳጃቸውም በር እንዲገጠም። በማግስቱ ሀይሉ ራሱ አናጺ ይዞ ሄደ።

ሽቶ ከዚያ ወዲያ አልቀረችም፤ ፈተናውንም አለፈች። የነጋዴው ሽማግሌዎች ሲመጡ ለታ «ልጄ ተማሪ ናት» ብሎ መለሳቸው።

ወገኖቼ፣ ደግ ጎረቤት አንዲት ልጅ ይረዳ ይሆናል፤ ውሳኔ ግን ገና ላልተወለደችውም ይደርስላታል። ስብሰባ የምትመሩ ሁሉ፣ ይህን ጉዳይ አንሡት። ልጅቷ ምን አድርጋ ታፍራለች? ሊያፍር የሚገባው እያወቀ ዝም የሚል ሰብሳቢ ነው።