የኮርኔሊያ ፕራት ምርኩዝ

የክንፉ ሬሳ የተገኘው ከመድረኩ ጀርባ፣ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ነው። ኦክላንድ፣ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ባለችው በዚያች ትንሽ አዳራሽ እሱ ያዘጋጀው ቲያትር ቅዳሜ ሊታይ ነበር። መርማሪ ፖሊስ ረምዚያ ስትደርስ ጥፋቱ ሁሉ በዋናዋ ተዋናይት በወይዘሮ ትርንጎ ላይ ተደፍድፎ ጠበቃት።

«ካሜራው እኮ ሪኮርድ አድርጓቸዋል» አላት የክንፉ ረዳት ግሩም።

እውነትም የጎረቤት ሱቅ ካሜራ ክንፉ በሞተበት ሰዓት ገደማ አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ያሳያል። ምርኩዟን በግራ እጇ ይዛ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች በጓሮ በር ትገባለች። ፊቷ አይታይም። ትርንጎ ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከክንፉም ጋር በሰው ፊት ተጯጩኸዋል።

ረምዚያ ሳን ሊያንድሮ ወዳለው አፓርትመንታቸው ሄደች። አሮጊቷ በቀኝ እጃቸው ምርኩዝ ተደግፈው ከፈቱላት።

«ልታስሪኝ ከመጣሽ ጫማዬን ላድርግ» አሏት። «አላደረግኩትም እያልኩ ግን ነው የምሄደው።»

«እትዬ ትርንጎ፣ መጀመሪያ ስለ ቲያትሩ ይንገሩኝ።»

«ኮርኔሊያ ፕራት የምትባል የድሮ ተዋናይት ታሪክ ነው። ገና ኮረዳ ሳለች አያት ሆና መድረክ ወጣች። ድምፅ አልባ ፊልም ሲመጣ አከራይ፣ አጣቢ፣ አዋላጅ አደረጓት። አሮጊቶችን መንገድ ለመንገድ እየተከተለች አረማመዳቸውን ታጠና ነበር። ስሟን ግን ፖስተር ላይ የሚጽፍላት አልነበረም።»

«ከክንፉ ጋርስ ምን አጣላችሁ?»

«ድርሰቱ የእኔ ነው። ግሩም በኮምፒዩተር ስለጻፈልኝ ፖስተሩ ላይ ደራሲ ሆኖ ቁጭ አለ። ለክንፉ ጮህኩበት። ባይሞት ዛሬም እጮህበት ነበር።»

ረምዚያ ቪዲዮውን በስልኳ አሳየቻቸው። ትርንጎ አይተው ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ለሙሉመቤትም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። ዕድሜ ልኬን አሮጊት ሆኜ የተወንኩ ሰው እንደዚህ አበላሻለሁ?»

ሙሉመቤት እሳቸው ቢታመሙ ተክታቸው እንድትጫወት የተመረጠች ወጣት ናት። ረምዚያ ሳን ሆዜ፣ ከሥራ ስትወጣ አገኘቻት።

«ክንፉ ከመሞቱ በፊት ኮል አድርጎልኝ ነበር» አለች ሙሉመቤት። «‹ተሳስቻለሁ፤ ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥቼ ድርሰቱ የእትዬ ትርንጎ ነው እላለሁ› አለኝ። ለግሩምም እንደነገረው አጫውቶኛል።»

በማግስቱ ረምዚያ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በየተራ ምርኩዝ ሰጠቻቸው።

«ግራ ጉልበታችሁ ታሟል እንበል። እስከ መድረኩ ጫፍ ሂዱ።»

ትርንጎ በቀኝ እጃቸው ይዘው ሄዱ። ሙሉመቤትም በቀኟ። ግሩም ፈገግ ብሎ ምርኩዙን በግራው ጨበጠ፤ ግራ እግሩንም ጎተተ።

«ካሜራው ላይ ያለው ሰው ልክ እንደዚህ ነው የሄደው» አለች ረምዚያ። «እትዬ ትርንጎን ለመምሰል የፈለገ፣ ግን ልምምዱን ልብ ብሎ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው።»

«ይሄ ምንም ፕሩቭ አያደርግም።»

«ብቻውን አያደርግም። ነጠላው ግን የተገኘው የቲያትር ልብስ የሚቀመጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ጫፉ ላይ የክንፉ ደም አለበት። ቁምሳጥኑ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ያላችሁ ክንፉና አንተ ብቻ ናችሁ፤ የእሱ ቁልፍ ሬሳው ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። ያንተን አውጣ።»

ግሩም እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«ስሜን ከፖስተሩ ሊያወርደው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ሰው ያወቀኝ በዚያ ድርሰት ብቻ ነው። ገፋሁት። መግደል አልፈለግኩም።»

«ጥፋቱን እኔን ልታሸክም ግን ነጠላ ለብሰህ መጣህ» አሉት ትርንጎ። ዓይናቸውን አልሰበሩለትም።

ካቴና ገብቶለት ሲወጣ ረምዚያ አዳራሹ ለምርመራ እንደሚዘጋ ነገረቻቸው።

«ቲያትሩ ቀረ ማለት ነዋ» አለች ሙሉመቤት።

«ማን አስቀረው?» አሉ ትርንጎ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሕዝቡ መጥቶ በተዘጋው በር ፊት ቆመ። ትርንጎ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጡ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ትርንጎ ነኝ፤ ያዘጋጀው ክንፉ ነው» አሉና ጀመሩ። ረምዚያ ከሰዉ መሀል ቆማ ታያቸው ነበር። አውቶቡስ እያጓራ ሲያልፍ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ እንጂ አላቋረጡም።