ወሬው ጀልባ ከተሳፈረ በኋላ

«እሺ፣ እንግሊዝ አሰብ የገባ ዕለትስ?» አለች ሉሊት፣ ተስፋ ሳትቆርጥ።

እማማ ከይሪያ ከደጃቸው ጥላ ሥር ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። መቶ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጥርሳቸው ቢያልቅም ጨዋታቸው አላለቀም።

«ልጄን ምጥ ይዟት እሷን ሳዋልድ ነበር። እንግሊዝን ማን አየው?»

«የነዳጅ ማጣሪያው ሲመረቅስ?»

«የጠፋች ፍየል ስፈልግ በይሉል መንደር ነበርኩ።»

«ነጻነት የታወጀ ቀንስ?»

«ያን ቀንስ እዚሁ ነበርኩ፤ ተኝቼ!» ብለው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ሉሊትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። የታሪክ አስተማሪዋ ጋሽ ንጋቱ የአንድ አዛውንት ሕይወት ከነዘመኑ ጽፋችሁ ኑ ብለዋል። ምርጡ ጽሑፍ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይነበባል። ማጣሪያው ውስጥ ቴክኒሻን የሆነው አባቷ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሲያጨበጭብላት በሐሳቧ ስንቴ አይታዋለች! እንዲህ ያለ ታሪክ ይዛ ግን የትኛው መድረክ ላይ ትወጣለች?

አብራት የመጣችው ጓደኛዋ ዓይናዲስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ስሚ፣ በጣሊያን ወታደር ላይ ድንጋይ ወርውረዋል ብለሽ ጻፊ። ቲቸር ያብዳል! ትንሽ ሸወዳ ምን አለበት?»

ሉሊት ጻፈችው። እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱ ላይ ያምር ነበር።

ይኼኔ በጀልባ ወደ ሩቋ የዒድ መንደር የሚመለስ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሊሰናበት መጥቶ ከአሮጊቷ ፊት ተቀመጠ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። በዳጉ የዋሸ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም። አሰብ ተወልዳ ያደገችው ሉሊት አፋርኛ ትሰማለች። ስለ ግመል፣ ስለ ዝናብ፣ ወደብ ስለገባው መርከብ ተወራ። ከዚያ እማማ ከይሪያ በጣታቸው ወደ እሷ አመለከቱ።

«ይቺ የጎረቤቴ ልጅ ሉሊት ናት። ሕይወቴን ልትጠይቀኝ መጥታለች። የነገርኳትን እንደነገርኳት ለትምህርት ቤቷ ታደርሳለች።»

ሰውየው አንዲት ቃል ሳያጎድል ደገመው፤ ሉሊትን በአክብሮት እጅ ነሥቶ ወደ ጀልባው ሄደ።

የሉሊት ፊት በእፍረት ጋለ። እስክሪብቶዋን አነሣችና ድንጋዩን ከነወታደሩ ሰረዘችው።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ዓይናዲስ። «ያለሱ እኮ ማንም አይመርጥሽም!»

«አይምረጡኛ! እኔ እኮ ዒድ ድረስ ተወርቶልኛል።»

ይህን ስትል መድረኩ በዓይኗ ላይ ዞረ፤ አሳዘናትም። ቢሆንም አዲስ ገጽ ገልጣ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ ጣሊያኑንም እንግሊዙንም እንተዋቸው። እርስዎ ልጅ ሳሉ ምን ደስ ይልዎት ነበር?»

እማማ ከይሪያ ቀና ብለው አዩዋትና ከምንጣፉ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉ። «አሁን ገና እኔን ጠየቅሽኝ።»