ከርነሉ የመረጠው ካርታ

ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጓል። ተማሪዋ ልዩ፣ ማውሱን ወዲህ ወዲያ ብትገፋውም ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። ትንሽ ቆይቶ የሷ ፕሮግራም ድርግም ብሎ ጠፋ። እዚያው ማሽን ላይ የተከፈተው የጓደኛዋ የናኦድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ።

«ይኸው፣ ያስቸገረን ያንቺው ነው» አሉ የኮምፒውተር ክበቡ ኃላፊ ቲቸር መገርሳ። «ሚሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ፣ ማሽኑን የሚመራው ዋናው ፕሮግራም፣ ብዙ ቦታ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል፤ አለዚያ ማሽኑ እንዳለ ይቆማል። ነገ ሥራችሁን ሊያዩ በሚመጡት ወላጆች ፊት እንዲህ ከሚያደርገን የናኦድን ብቻ እናሳያለን።»

ልዩ ልትናገር ስትል ናኦድ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት። ዝም አለች። ቲቸር የክፍሉን ቁልፍ ሊያመጡ ወጡ።

እውነቱን ሁለቱም ያውቁታል። የናኦድ ፕሮግራም ራሱን እያባዛ ኮፒ ላይ ኮፒ ይከፍታል፣ መዝጋት ብሎ ነገር አያውቅም። ሚሞሪውን የሚጨርሱት እነዚህ ኮፒዎች ናቸው። ከርነሉ ግን አንድ በአንድ እያየ ትልቁን ነው የሚመርጠው፤ ኮፒዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሚጢጢ ናቸው። የልዩ ካርታ የፈረሰውን የድሮውን የካዛንቺስ ሰፈር ቤት በቤት ከነፎቶው ስለሚያሳይ ትልቅ ነው። ስለዚህ ሁሌም የሚያዘው እሱ ነው። ይሄ ፍርድ ነው እንግዲህ!

«ልዩዬ፣ በቃ ዝም በይልኝ» አለ ናኦድ። «ቲቸርን ፕሮግራሜ ምንም ችግር የለበትም ብያቸዋለሁ። መዋሸቴን ካወቁ ከክበቡ ያስወጡኛል። ቤት ኮምፒውተር የለኝም፣ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ቤታቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ከገቡ ወዲህ ታክሲ እየቀያየረ ነው የሚመጣው።

«የኔስ? የድሮ ጎረቤቶቻችን እነ እትዬ ጀማነሽ ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚመጡት ሰፈራቸውን ሊያዩ ነው። የናንተም በር አለበት እኮ።»



ልዩ ነገሩን አወጣች አወረደች። ብትናገር ጓደኛዋን ልታስባርር፣ ዝም ብትል የለፋችበት ሊቀር። መውጫ አጣች። አንድ ነገር ግን ትዝ አላት፦ የማሽኑ ፓስወርድ አላት። ከርነሉን «የኔን ካርታ አትንካ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ያኔ ነገ ሚሞሪ ሲያልቅ የናኦድን ኮፒዎች በየተራ ይገድላቸዋል፣ ወላጆች ፊት። ማን እንዳደረገው ማንም አያውቅም።

ትእዛዙን ጻፈችው። ጣቷ ኢንተር ላይ ቆመ። ናኦድ ስክሪኑን አይቶ ገባው፤ ግን «ተይ» እንኳን አላላትም። ያ ነው የባሰባት።

የቲቸር ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ።

ትእዛዙን አጠፋችው። የናኦድን ኮድ ከፈተችና ከወንበሯ ተነሣች።

«ቁጭ በል። ኮፒዎቹን የሚዘጋውን መስመር ጻፍ፣ እኔ አሳይሃለሁ።»

«ለቲቸርስ?»

«አንተው ትነግራቸዋለህ። ካልነገርክ ግን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ማርያምን።»

በሩ ተከፈተ። «ልዘጋ ነው፣ ጨረሳችሁ?» አሉ ቲቸር መገርሳ።

«ገና ነን ቲቸር» አለች ልዩ፣ እጇን ናኦድ ወንበር ላይ አሳርፋ። «ናኦድ የሚነግርዎት ነገር አለ።»