ከሬሳው ሥር ያለው አፈር

ገበሬው ረፋዱ ላይ በገዛ ማሳው መካከል በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የተሰነጠቀው ራሱ ድንጋይ ተንተርሷል።

«ትናንት ዝናቡ ሲጀምር እንደወጣ ቀረ» አለች ሚስቱ። «ሲሮጥ አዳልጦት ነው።»

ባልደረቦቹ «አፈር ገፊ» እያሉ የሚቀልዱበት የአራሽ ልጅ የሆነው መርማሪ ሬሳው ሲነሣ ተንበርክኮ መሬቱን በጥፍሩ ቧጠጠ።

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ማሳውን የሚያርስለት ትራክተረኛ» አለች ሚስቱ።

ከተሰበሰቡት መካከል የነበረው ትራክተረኛ ወደ ፊት ወጣ። «አዎ፣ ተጣልተናል! ጓል አይታየኝ ብሎ አራት ጊዜ አሳረሰኝ። ገለባውንም ጠራርጎ አነሣው። ‹ይሄ አፈር ዱቄት ሆኗል፤ ይታጠባል› አልኩት። ለዚህ ሰው ይገደላል?»

ከማሳው ግርጌ የምትኖረው የሟች እህት ትንሽ ልጇን አቅፋ ቆማለች። ዐይኗ እንባ አልቋጠረም።

«እርስዎስ፣ እህቴ?»

«ወንድሜ ነው። ምን እላለሁ?»

መርማሪው አቀርቅሮ ማሳውን ቁልቁል ወረደ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«ዱቄት የሆነ አፈር ዝናብ ሲደበድበው ይደፈናል፤ ቅርፊት ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ውሃ አይጠጣም፤ ቁልቁል ይሸኘዋል። ሰውዬው በዝናቡ ሰዓት ወድቆ ቢሆን ገላው ይከልለው ነበርና ከሥሩ ያለው አፈር ልል በሆነ። ግን እሱም እንደ ሌላው ቅርፊት አውጥቷል። እዚህ የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።»

«በእግሩ መጥቶ ይሆናላ!» አለች ሚስቱ።

«የእሱ ዱካ የለም። ያለው የእጅ ጋሪ ጎማ ነው። ሲመጣ ቅርፊቱን ሰብሮ ጠልቋል፤ ሲመለስ ጫር ብቻ አድርጎት አልፏል። ጭኖ መጥቶ ባዶውን ተመልሷል።» ወደ እህትየው ዞረ። «የተነሣው ከእርስዎ ደጃፍ ነው።»

አልካደችም።

«አምና ከዚህ የወረደው ጎርፍ ግድግዳዬን ጥሎ ታላቋን ልጄን ቀበረብኝ። ‹ገለባውን ተውልኝ፣ ውሃው ይስረግ› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ትናንትም ጎርፉ ገባ። ይቺን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ጭቃ ስዝቅ፣ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። ‹አፈሬን ሰብስበሽ መልሽልኝ› ብሎ ሳቀ። ልጄን ቆፍሬ ያወጣሁበት አካፋ በእጄ ነበር...»

መርማሪው ካቴናውን አወጣ። ሥራውን እንደዚያን ቀን ጠልቶት አያውቅም።

«ልጄን ማን ይይዝልኛል?» አለች።

የሟች ሚስት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ተመልሳ መጣችና የልጅቷን እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

እናትየው እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።

«ዝናብ ሲመጣ» አለቻት፣ «እታች እኔ ቤት እንዳታስገቢያት።»