ሙጫዋና ቀቢው

የቤተ ሙከራው ሰዎች «ሙጫ» ይሏት ነበር። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ እንደ ቀለም የሚቀባ፣ ፖሊመር የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ስትሠራ እጇም ጋውኗም ተጣብቆ ነው የሚውለው።

እሱ ደግሞ ቀቢው ነበር፤ የሷን ፖሊመር አሟሙቶ በመስታወት ላይ በስሱ የሚያለብሰው። መጀመሪያ የተነጋገሩት ብልቃጧን ይዞ በሯ ላይ ሲቆም ነው።

«ይሄ ነገርሽ አልሟሟም ብሎኛል። ምን ብዬ ልለምነው?»

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ምሳ ለብቻዋ በልታ አታውቅም።

ፖሊመሩ ብርቱ ነበር፤ ክፋቱ የሚሟሟው በመርዘኛ ፈሳሽ ብቻ መሆኑ ነው። ትነቱን ከክፍሉ የሚያስወጣው መሳቢያም አርጅቷል። ቀቢው ራሱን ሲያመው «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ይላታል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ግን መደበቂያ አጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ከክፍሉ ታስወጪኛለሽ። ከዚያስ የት አይሻለሁ?»

ወደ ሐኪም ወሰደችው።

ሐኪሙ ጉበቱ ክፉኛ መጎዳቱን ሲናገር እናቱ መጥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ሙጫ ልትጠይቀው ስትሄድ በሩ ላይ አስቆሟት። ክፉ ሴት አልነበሩም።

«ልጄ፣ እንደምትወጂው አያለሁ። ግን አንቺን ባየ ቁጥር ተነሥቼ ልሥራ ይላል። እባክሽ ተይልኝ።»

አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ተደፋች። የፖሊመሩን የሞለኪውል ሰንሰለት ስትቀያይር፣ ሲሟሟላት ኃይሉ ይደክማል፤ ኃይሉ ሲበረታ አልሟሟም ይላል። በመጨረሻ ከሠራቻቸው አንዱ፣ ጉዳት በሌለው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ስኳር ሟሟ፤ ኃይሉም አልቀነሰ። ባልደረቦቿ ሲያጨበጭቡ እሷ ጋውኗን ሳታወልቅ ወጣች።

እናቲቱ አሁን አላስቆሟትም፤ በሩን ከፍተው አስገቧት። ቀቢው መስኮቱ ሥር ተኝቷል፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አዲሱን ፖሊመር የቀባችበትን ስስ ፕላስቲክ ከትንሽ ማራገቢያ ጋር አያይዛ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ማራገቢያዋ ዞረች።

«በምን ሟሟልሽ?»

«ሽታ እንኳ በሌለው።»

የምትዞረውን ማራገቢያ አየ።

«ከኔ በኋላ የሚቀባው ሰው ታድሏል።»

«ሌላ ሰው እንዲቀባው ብዬ አልሠራሁትም።»

«አውቃለሁ» አለና እጇን ፈለገ። ሰጠችው።

በማግስቱም መጣች፤ በየቀኑም። አንድ ጠዋት ግን ደጁ ላይ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰብስቦ ስታይ ባለችበት ቆመች። ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃታት።

እናቲቱ ከሰዉ መሐል ተነሥተው መጡና ክንዷን ያዙ።

«ነይ ግቢ፣ ምራቴ» አሏት።